የእኛ አባባስ ዝምተኛ አልነበሩም
በኮርያ ጦርነት ስለ ተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ፣ የወጣ አንድ ጽሑፍ «የቃኘው ዘማቾች ስለ ኮርያ ሳያወሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው አረጁ» ይላል። በዚህ አልስማማም። አያቴ የቃኘው ዘማች ነበሩ፤ እሳቸው ያሉበት ቤት ጸጥታ አያውቅም ነበር። በበዓል ቀን ዶሮው ገና ሳይወጣ እስክስታ ይጀምራሉ። የልጅ ልጆቻቸውን በቁመት ያሰልፉንና ቀጥ ብሎ ለቆመ ከረሜላ ይሸልማሉ። የሚንቀጠቀጠውንም ቢሆን አያስቀሩትም። ቡና ሲቀርብላቸው በኮርያኛ «ካምሳሃምኒዳ» ብለው ያመሰግናሉ፣ እማማ በሳቅ ይፈርሳሉ። ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ ደግሞ ከጥይቱ ይልቅ ብርዱን ነበር የሚያነሱት፤ በረዶ አይተው የማያውቁ ልጆች እኮ ናቸው በ1951 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ በመርከብ የሄዱት። ዝም ያሉበት ጊዜ ካለ የደርግ ዘመን ነው። ከኮሚኒስት ጋር ተዋግቶ መመለስ ያኔ የሚወራ ነገር አልነበረም፤ ሜዳሊያዎቹም ሳጥን ውስጥ ከረሙ። በጽሑፉ ስር «ስንቱ ተማርኮ ቀረ» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም። ከ120 በላይ ወድቀዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አባባ ድምፃቸው የሚቀየረው ስለ ወደቁት ጓዶቻቸው ሲያነሱ ብቻ ነበር። ትንሽ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ «በል ቡናውን ድገመኝ» ይላሉ። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ወዳለው የኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ ሲሄዱ ሜዳሊያቸውን የሚደረድሩበት ጥቁር ኮት ነበራቸው። ካረፉ በኋላ ልብሳቸውን ሁሉ ለነዳያን ሰጠን፤ ያን ኮት ግን እማማ እስከ ዛሬ ከራስጌያቸው አላወረዱትም።