እርማት፦ ሐሳብ የሚመጣው እየጻፉ ነው

ወንድሜ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሰጠኸው ምክር ከቅን ልብ እንደሆነ ይገባኛል። «ሙዱ ሳይመጣ አትጻፉ፤ ሐሳብ ይደርቃል» ያልከው ግን ትክክል አይደለም። ስንቱ ተማሪ ይህን አምኖ ወራት ያቃጥላል! ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ሮበርት ቦይስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ፈትሾታል። መጻፍ ያቃታቸውን 27 የዩኒቨርሲቲ መምህራን በሦስት ከፈላቸው። አንደኛው ቡድን አስቸኳይ ካልሆነ በቀር እንዳይጽፍ ተነገረው። ሁለተኛው ሲያሰኘው ብቻ ጻፈ። ሦስተኛው አሰኘውም አላሰኘውም በቀጠሮ ጻፈ። ካልጻፉ ቀድመው የፈረሙት ቼክ ለሚጠሉት ድርጅት ይላካል! አዲስ ሐሳብ በብዛት የመጣላቸው ለእነዚሁ ነው፤ በአማካይ በየቀኑ አንድ። ሲያሰኛቸው ለጻፉት በየሁለት ቀኑ፣ ላልጻፉት ደግሞ በየአምስት ቀኑ። ቡድኖቹ ትንንሽ መሆናቸውን አልደብቅም። ውጤቱ ግን ካንተ ምክር ተቃራኒ ነው።

በቀጠሮ ሲባል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ማለት አይደለም። እኔ ማስተርሴን ስሠራ ጠዋት ከሥራ በፊት 40 ደቂቃ ብቻ ነበረችኝ። ከመግቢያው አልጀመርኩም። ከጥናት ዘዴው ጀመርኩ፤ የሠሩትን መጻፍ ይቀላል። መግቢያው የተጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንድ ቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይወጣኝ ነበር፤ እነሱም ደካማ። በማግስቱ ስቀመጥ ግን ባዶ ገጽ ሳይሆን የማስተካክለው ነገር ይጠብቀኛል።