ሰልፍማ በጃንሆይ ጊዜ ቀረ

ሰው ሰልፍ ሲጥስ ያናድደኛል። ሰልፍ እየጣሰ ስለ ሰልፍ ክብር ሲያስተምረኝ ግን ብርዱንም እረሳዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ነው። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ገና ሳይነጋ፣ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ልንሳፈር ተሰልፈናል። የከተማችንን ንጋት የሚያውቅ ያውቀዋል። አፍንጫህን በእጅህ ዳስሰህ ነው መኖሩን የምታረጋግጠው። እንዲህ ቆመን ሳለ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ አንድ አዛውንት ከኋላ መጡ። "እንዴት አደራችሁ?" አሉን። እግዚአብሔር ይመስገን አልን። ከዚያ ወሬ ጀመሩ።

"አይ የዛሬ ሰው! በጃንሆይ ጊዜ እኮ አውቶቡስ ላይ ግፊያ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ነው።" ይህን ሲሉ ሁለት ሰው አለፉ። "ሹፌሩ ከረባት አስሮ ነው የሚነዳው።" ሦስት ሰው አለፉ። ስለ ቲኬት ቆራጩ ትሕትና አውርተው ሳይጨርሱ በሩ ጋ ደርሰዋል።

"ጋሼ፣ ተራው እኮ ከኋላ ነው" አልኳቸው፤ በትሕትና።

ዞር ብለው በሐዘን አዩኝ። "ይኸው! ታላቅ ማክበርም ድሮ ቀረ" አሉና ገብተው ጋቢና ተቀመጡ።

ሰውዬውን ብቻቸውን አልወቅስም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕድሜው የገፋ ሰው ሁሉ የድሮ አውቶቡስ ታሪክ አለው። ከሌለው ይዋሳል። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያሉ ፌርማታውን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። የት ሻይ እንደተጠጣ፣ የት ጎማ እንደፈነዳ፣ ሎንቺናዋ ዳገት ላይ እንዴት እንዳቃሰተች አንድም አይቀር። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእነሱ አፍ ግን ጉዞው ሁለት አረቄ ይፈጃል። ቀጥሎ ታሪፍ ላይ ይከራከራሉ። የአዲስ አበባ ከተማ አውቶቡስ አሥር ሳንቲም ነበር ይላል አንዱ። ሌላው አሥራ አምስት ነው ብሎ ይምላል። ሦስተኛው ስሙኒ ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። ተኳርፈው ይለያያሉ። የዛሬውን ሒሳብ ማን ይክፈል የሚለው ላይ ግን ክርክር የለም፤ ሁሉም ዝም ነው።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ትዝታ የተለየ ነው። አንበሳ አውቶቡስ ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ጣልያን ጥሏቸው በሄደ ጥቂት መኪናዎች ነው ሥራ የጀመረው። እዚህ አገር ሰው ሲነግርህ ግን ገና ከመነሻው የለንደን ይመስልሃል። "ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መርካቶ፣ በአንበሳ እመላለስ ነበር" ይልሃል። አንተ ስለ አውቶቡስ ያወራልህ ይመስልሃል። እሱ የሚነግርህ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ መማሩን ነው። ያን ጊዜ ከጫጫ ወይም ከእነዋሪ ተነስቶ አራት ኪሎ መድረስ ቀላል ነገር አልነበረም። ዲፕሎማውን አውጥቶ ቢያሳይህ ነውር ይሆንበታል። ስለዚህ ፌርማታውን ይቆጥርልሃል።

የምወዳት ተረት አለች። "ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።" ለቅሶ ላይ እላታለሁ፣ ሠርግ ላይ እላታለሁ፣ ዕድር ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ሲነበብ እላታለሁ። ባለቤቴ "ከዚህች ተረት ሌላ አታውቅም?" ትለኛለች። አውቃለሁ፤ ግን እንደሷ የምታረካኝ የለችም። ችግሩ እኛ ጋ አለመሥራቷ ነው። እኛ ባለፈ ክረምት ፎቅ እንሠራለን። ከዚያ ከፎቁ ላይ ቁልቁል የዛሬውን ሰው እንታዘባለን።

ለነገሩ ይህ የትዝታ ፎቅ የቆመበት መሬት ራሱ ጉድ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አስመራ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ያነጠፈው ጣልያን ነው። ሠራዊቱ በዚሁ በኛ በኩል፣ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አልፎ ነው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ የገባው። ከተማችን የአርበኛው የኃይለ ማርያም ማሞ አገር ናት። ትምህርት ቤታችን በስማቸው ነው የተሰየመው። እናም የአርበኛ ልጅ የሆነው ጎረቤቴ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚል ስሙ። መጀመሪያ ወደ ገደሉ ይጠቁማል፤ "አባቴ ጣልያንን ያርበደበደው እዚህ ነው" ይላል። መኪናው ጣልያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ሲገባ ግን ድምፁ ይለወጣል፤ "እንዴት ያለ ሥራ ነው ግን! ይኸው እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም!" ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወገን ይቀይራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዚያ ጉምና ውርጭ ድንጋይ የፈለጠው የአገሬው ጉልበተኛ ግን ትዝ የሚለው የለም።

መንገዱ ደግሞ ፍርድ ሰጥቶ ነው ያለፈው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ዳር ቀረች። አስፋልቱ በደብረ ብርሃን በኩል አልፎ ወደ ደብረ ሲና ወረደ። ያ ሁሉ መኳንንት የተመላለሰበት ከተማ አውቶቡስ ጠባቂ ሆነ። እኛ ደብረ ብርሃኖች ደግሞ መኪና ስላለፈብን ብቻ የሠለጠንን መሰለን። አንኮበሮች እስካሁን ቅር ይላቸዋል። እውነታቸውን ነው።

አክስቴ የሞላሌ ሰው ናት። ስለ ድሮው አውቶቡስ የምሰማው እውነተኛ ነገር ከእሷ ነው። መንዝ ውስጥ "የመኪና መንገድ" ማለት ያኔ ጣርማ በር ነበር። እዚያ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ በእግር ነው። ስንቅ ይዘህ፣ በርኖስህን ደርበህ፣ አህያ እየነዳህ። ከደረስክ በኋላ አውቶቡስ ይመጣል አይመጣም የሚያውቅ የለም። ቢመጣ ሞልቶ ነው። ባይሞላ ሹፌሩ ዓይቶህ ያልፋል። አንዳንዴ ዳገቱ ራሱ ያስቆመዋል። ሞተሩ ይግላል፣ ውኃው ይንተከተካል፣ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ይወሽቃል። ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። "እኛም አብረን ገፋን" ትላለች አክስቴ። "ሲነሳለት እነሱ ዘለው ገቡ። እኛ አቧራው ውስጥ ቀረን።"

የአዛውንቱን ወሬ ነገርኳት። ተራ ነበር፣ ግፊያ አልነበረም ማለታቸውን። ሳቀች።

"ተራማ ነበር" አለችኝ። "መጀመሪያ ባላባቱ፣ ቀጥሎ ቄሱ፣ ቀጥሎ ነጋዴው። ዶሮ የያዘች ሴት ትዝ ከተባለች መጨረሻ ላይ ነው።"

እንግዲህ ግፊያ አልነበረም የሚለን ሰው ያኔ የት ተቀምጦ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። ከመቀመጫ ላይ ሆኖ ግፊያ አይታይም።

ስለ አውቶቡስ ካነሳሁ አይቀር የራሴን ቂም ልናገር። ዓመታት አልፈውታል፤ ግን አልበረደልኝም። እህቴ ሸዋ ሮቢት ወልዳ ለአራስ ጥየቃ እየሄድኩ ነው። እናቴ ለጋ ቅቤ በባልዲ ሞልታ ሰጠችኝ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ልሂድ አልኩ። ረዳቱ መጣ።

"እቃ ላይ ይጫናል።"

"ቅቤ ነው እኮ ወንድሜ።"

"ቅቤ እቃ አይደለም እንዴ?"

ፖርቶመጋላው ላይ ወረወረው። የጭነት ብሎ አስከፈለኝ። እሺ፣ ከፈልኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ቅቤው ቢላዋ አይገባውም። ግን ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ጠዋት ውርጭ ውስጥ ተነስተህ ቀትር ላይ ማንጎ ካለበት አገር ትገባለህ። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ረዳቱ ያውቃል፣ ቅቤው ግን አላወቀም ነበር።

አርማኒያን እንዳለፍን ሙቀቱ ጀመረ። አንድ አዲስ ኮት የለበሰ ጎልማሳ መስኮት ከፈተ። አውቶቡሱ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ "ዝጋው! ምች ነው!" በደጋው ብርድ ነው ተብሎ ተዘግቶ ነበር። በቆላው ምች ነው ተብሎ ይዘጋል። የዚህ አገር ተሳፋሪ ታፍኖ ይሞታል እንጂ ንፋስ አያስገባም። ሰውየው ግን የተማረ ነበርና "ንጹሕ አየር ለጤና ጥሩ ነው" ብሎ ተከራከረ። ጭንቅላቱን ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረገ። ያኔ ነው ቅቤው ከላይ የወረደው። አናቱን ቀብቶ፣ ኮሌታው ገብቶ፣ አዲሱን ኮት እስከ ክርኑ አራሰው።

"ይኸው! አላልንህም?" አሉ ከኋላ ያሉት ሴትዮ። እስከ ዛሬ የምች ማስረጃ አድርገው የሚያወሩት ይመስለኛል።

ሰውየው የኮት ካሳ ጠየቀ። ረዳቱን አየሁት። ረዳቱ እኔን አየኝ። "ቅቤው የእሱ ነው" አለ! ሲያስከፍለኝ እቃ ነበር፣ ሲቀልጥ የእኔ ሆነ። ለኮቱ ማሳጠቢያ ከፈልኩ። የጭነቱን አልመለሰልኝም። እህቴ ጋ በግማሽ ባልዲ ደረስኩ። እናቴ እስከ ዛሬ ሌላውን ግማሽ የት እንዳደረስኩት በጥርጣሬ ትጠይቀኛለች።

እንዲህ ስል የዛሬው ይሻላል ማለቴ አይደለም። የዛሬው ሌላ ዓይነት ያበሽቃል። ታሪፉ በሩ ላይ ተለጥፏል። ረዳቱ ታሪፉን በጀርባው ተደግፎ ቆሞ ከታሪፍ በላይ ይጠይቅሃል። በዓል ሲደርስማ ዋጋው እንደ ልቡ ነው። በሦስት ሰው ወንበር አራተኛ ይጨምርልሃል፤ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አብሮ መብላት ለምደን የለ?" ይላል። መንገድ ላይ ትራፊክ ሲታየው ደግሞ ዞር ብሎ ያስጠናናል፤ "በታሪፍ ነው የከፈልነው በሉ እሺ? ትርፉም ወገቡን ዝቅ ያድርግ!" እና ምን እናደርጋለን? እንላለን! ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ "ስንት ከፈላችሁ?" ሲል የተበዘበዝነው ሁላችን በአንድ አፍ "በታሪፍ!" ወገቡን ያጎነበሰው ወንድማችንም ከሥር ሆኖ "በታሪፍ!" ይላል። ተቃውሞ ቢነሳ መኪናው ይቆማል፣ ይመሻል፣ ቤት አይደረስም። ስለዚህ እንዋሻለን። ትራፊኩ ሲርቅ ረዳቱን መርገም እንጀምራለን። ይሄ ነገር ከልቤ ያሳፍረኛል። ረዳቱን ባላባት አደረግነው፣ እኛ ጭሰኛ ሆንን፤ ያውም በገዛ ገንዘባችን።

ሌላም አለ። አሁን አሁን መንገደኛ መናኸሪያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ አይደለም። "መንገዱ ሰላም ነው?" ነው። ከታች የመጣ ሹፌር ካለ ሰው ይከበዋል። ይህን ሳስብ ለሽማግሌዎቹ አዝንላቸዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ደሴ፣ ከደሴ አስመራ፣ የሚያስጨንቀው ጎማ ብቻ ሆኖ የሄዱበትን ዘመን ቢያነሱ ምን ይገርማል? ያኔም ቢሆን ዶሮ ለያዘችው ሴት እንዲህ አልነበረም። ለእነሱ ግን ነበር። ይህን ያህል ልፍቀድላቸው።

ግን ሰልፉን ለምን ይጥሳሉ? አዎ፣ የጀመርኩት ስለ ሰልፍ ነበር። ዕድሜ ይከበራል፤ እኔም ወንበር ለቅቄ አስቀምጣለሁ። "ልጄ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ልቅደም?" ቢሉ ማን እምቢ ይላል? ታሪክ እየነገሩ ሾልኮ ማለፍ ምንድን ነው? የጃንሆይን ስም ለግል ጉዳይ ማዋል ነው። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን ስልኬ ጮኸና ሐሳቤን ቆረጠው።

እናቴ ናት። እህቴ አሁንም ወልዳለች። ቅቤው ተዘጋጅቷል፣ በዚያው ባልዲ ነው አለችኝ፤ ክዳኑ አሁንም ላላ ነው። ቅዳሜ ሮቢት እወርዳለሁ። ጭኔ ላይ ነው የምይዘው። የመጣ ረዳት ቢመጣ፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬም ቢሆን፣ ቅቤው ወንበር ይዞ ይሄዳል። በመስኮት በኩል ግን አላስቀምጠውም።