አፈሩን እዩት

በቀደም አንድ ወዳጄ ከጎኔ ቁጭ ብሎ የስፕሪንት ካር (በክብ የአፈር ሜዳ ላይ የሚሽቀዳደሙ ባለክንፍ ትንንሽ መኪኖች) ውድድር ለአምስት ደቂቃ ያህል አየና “ምኑ ነው የሚያስደስትህ? ጭቃ ላይ ዝም ብሎ መዞር እኮ ነው” አለኝ። ከነከነኝ። እሱ ያየው መኪኖቹን ብቻ ነው። የውድድሩ ትልቁ ነገር ግን ያለው ከጎማው ስር ነው።

እርግጥ መኪናውም ጉድ ነው። ከነነጂው 635 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሞተሩ ወደ 900 የፈረስ ጉልበት አለው። ሞተሪኖ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ የሚቀያየር ማርሽም የለውም። ፒክአፕ ከኋላ እየገፋ ነው የሚያስነሳው። የሚጠጣው ሜታኖል ነው። አናቱ ላይ ያለው ሰፊ ክንፍ በንፋሱ ኃይል ወደ መሬት ይጫነዋል። የኋላ ቀኝ ጎማው ከግራው ስለሚበልጥ ሁሌ ወደ ግራ ይስባል። ኩርባ ላይ ነጂው መሪውን ወደ ቀኝ ይዞ፣ ኋላውን እያንሸራተተ፣ ወደ ግራ ይታጠፋል።

አሁን ወደ አፈሩ። ሜዳው የሸክላ አፈር ነው። ውድድሩ ሳይጀመር ቦቴ እየዞረ ውሃ ያርከፈክፍበታል። መጀመሪያ ጥቁርና እርጥብ ስለሆነ ጎማ ይይዛል፤ መኪኖቹ ይከንፋሉ። ከዚያ ጎማዎቹ አፈሩን እየፋቁ ወደ ግድግዳው ይገፉታል። እዚያ ይከመርና እርከን ይሠራል። ውስጠኛው መስመር ደግሞ ደርቆ ያንሸራትታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ያዋጣ የነበረው መስመር አራት ሰዓት ላይ የለም። እርጥበቱ የት ቀረ? ክምሩ ላይ ልደገፍ ወይስ ታች ልቅር? ነጂው ክምሩን በትንሹ ካለፈ ግድግዳው አለ። ይህን ሁሉ የሚወስነው ጭቃ ፊቱ ላይ እየተለጠፈበት ነው። የራስ ቁሩ መስታወት ላይ ስስ ፕላስቲኮች ተደራርበዋል፤ በአንድ እጁ እየላጠ ይጥላቸዋል። ቡድኑ በሬዲዮ አያናግረውም። ሜዳው ዳር ቆመው በዱላ ምልክት ያሳዩታል፣ በቃ።

ለዚህ ነው አሜሪካዊውን ነጂ ስቲቭ ኪንሰርን የማደንቀው። በ1978 የተጀመረውን ወርልድ ኦፍ አውትሎውስ የተባለ የስፕሪንት ካር ሻምፒዮና 20 ጊዜ ወስዷል። ሌላ ማንም እዚያ ቁጥር ላይ አልደረሰም። ሌላው ነጂ ካይል ላርሰንም በ2021 የናስካር (የአሜሪካ ትልቁ የመኪና ውድድር) ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት አይዋ ውስጥ ባለችው ትንሿ የኖክስቪል ከተማ ኖክስቪል ናሽናልስ የተባለውን ታላቅ የስፕሪንት ካር ውድድር አሸንፏል። ትልቁ መድረክ ላይ ያለ ሰው ወደ ጭቃው የሚመለሰው ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ ዓይንና እጁ እንዲህ የሚፈተንበት ቦታ ስለሌለ ነው።

አደጋው ቀላል አይደለም። በ2016 ናሽናልስን ያሸነፈው ጄሰን ጆንሰን በ2018 ዊስኮንሲን ውስጥ ሲወዳደር በደረሰበት አደጋ ሕይወቱ አልፏል። ይህን እያወቁ ነው የሚነዱት። እኔም ሳይ ይህን አልረሳም።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ በ1954 የተከፈተው የኤልዶራ የውድድር ሜዳ ከእናንተ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ነጭ ልብስ አትልበሱ፤ ጭቃው ተመልካች ጋ ይደርሳል። ቦቴው ከሜዳው ሳይወጣ ግቡ። ከዚያ አንድ ኩርባ ምረጡና አፈሩ ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲቀየር፣ መኪኖቹም አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ሲወጡ እዩ።