«በሰላም ለቀቅነው» አትበሉኝ

በቃ፣ ዛሬ ልናገር። ቤሊዝ፣ ባሃማስ፣ ሜክሲኮ እየሄዳችሁ ቦንፊሽ የሚባለውን የባህር አሳ ለመዝናኛ እያጠመዳችሁ የምትለቁ ወገኖቼ፣ አሳውን ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ የምትለጥፉትን ፎቶ ማየት ሰልችቶኛል። ከሥሩ ሁልጊዜ ያው ጽሑፍ ነው፦ «በሰላም ለቀቅነው»። በሰላም መሄዱን በምን አወቃችሁ?

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፍላት የሚባለው ከጉልበት ብዙም የማያልፍ፣ ሞቅ ያለና ጥርት ያለ የባህር ውሃ ነው። ሥሩ ነጭ አሸዋ ወይም የባህር ሣር ነው፣ ዳር ዳሩ ማንግሮቭ የሚባለው ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ። የባህሩ ውሃ ሲሞላ ቦንፊሹ ሸርጣንና ሽሪምፕ ፍለጋ ወደዚያ ይመጣል። አፉን አሸዋው ውስጥ ሲቀብር ጅራቱ ከውሃው በላይ ብቅ ይልና ፀሐይ ላይ ብልጭ ይላል። አጥማጁ ያንን ጅራት አይቶ ኮቴውን ሳያሰማ በእግሩ ይጠጋል። መንጠቆው ላይ ትል የለም። ሽሪምፕ እንዲመስል ፀጉርና ላባ ተጠቅልሎበታል። ይህ ነው የሚባል ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው፤ መንጠቆው ተከትሎት ይሄዳል። ነፋሱ እየገፋህ፣ ፀሐዩ ዓይንህን እየወጋህ አሳው ፊት ጠብ ማድረግ አለብህ። ጥላህ ካረፈበት አለቀ፣ የለም። ከነከሰ ደግሞ ክሩ ከማጠንጠኛው ላይ እያፏጨ ይወጣል። ከዚህ የሚበልጥ ደስታ እኔ አላውቅም። ስለዚህ ማጥመዱን የምቃወም እንዳይመስላችሁ።

የሚያቃጥለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አሳው ተጎትቶ ሲመጣ ያለ የሌለ ጉልበቱን ጨርሷል። ኦክስጅን ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ኦክስጅኑን የሚያገኘው ደግሞ ውሃ በስንጥቡ ሲያልፍ ነው። እኛ ከውሃ የምናወጣው ልክ ያኔ ነው።

አንድ ቀን ጀልባ ላይ ያየሁት እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰውየው አሳውን አነሳ። ጓደኛው ስልኩን አወጣ። ካሜራው ላይ የፀሐይ ቅባት ነበረበት፣ በሸሚዙ ጠረገው። «ወደ ፀሐይ ዙር» አለው፤ ዞረ። «መነጽርህን አውልቅ» አለው፤ አሳውን በአንድ እጁ ይዞ አወለቀ። አሳው ሲንፈራገጥ ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ከዚያ ጓደኛው «ለእኔም አንድ» ብሎ ተቀበለው። በደረቅ እጅ፣ ቅባት በነካው እጅ። መዳፋቸው ላይ የቀረው ሙልጭልጭ ነገር አሳውን ከበሽታ የሚጠብቀው ልባሱ ነበር። ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት። ውሃ ውስጥ ሲመልሱት በጎኑ ተጋደመ። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለና እየተወላገደ ሄደ። «ሄደ! ሄደ!» ብለው አጨበጨቡ። ጥቂት ሜትር ሳይርቅ ባራኩዳ የሚባለው ጥርሰ ስለታም አዳኝ አሳ መጥቶ ለሁለት ከፈለው። እነሱ በዚያች ሰዓት አንገታቸውን ደፍተው ፎቶ እየመረጡ ነበር።

ይሄ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ባሃማስ ውስጥ ኤሉቴራ ደሴት ላይ ተመራማሪዎች ይህንኑ አጥንተውታል። ሲለቀቅ ሚዛኑን የሳተ ቦንፊሽ ሚዛኑን ጠብቆ ከሄደው ይልቅ ወዲያው የመሞት ዕድሉ ከ6 እጥፍ በላይ ሆኖ ነው የተገኘው። ሚዛኑን የሚያስተው ደግሞ ከውሃ ውጭ መቆየትና በእጅ መታሸት ነው። ፍላት ላይ ሻርኩም ባራኩዳውም የሚጠብቀው እንዲህ የተዳከመውን ነው።

«ሕጉ ልቀቅ ነው የሚለው፣ ለቀቅኩ» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ቤሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ቦንፊሽና እንደሱ ፍላት ላይ የሚጠመዱት ፐርሚትና ታርፖን የሚባሉ አሶች ተይዘው እንዲለቀቁ ደንግጋለች። ግን ሕጉ የወጣው አሳው እንዲኖር ነው እንጂ ከእጃችሁ እንዲወርድ ብቻ አይደለም! በሕይወት ያለ ቦንፊሽ ነው ለዚያ አገር ሰው ደጋግሞ እንጀራ የሚሆነው። ባሃማስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት የፍላት ማጥመድ ለአገሪቱ በዓመት 141 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስገኝ ገምቷል። ይህ ብር ሌላ ብዙ ሥራ በሌለባቸው ትንንሽ ደሴቶች ላይ ጀልባ የሚገፋው፣ ምግብ የሚያበስለው፣ አልጋ የሚያነጥፈው ሰው ቤት የሚገባ ነው።

አሳው ራሱ ደግሞ ቶሎ የሚተካ አይደለም። ቦንፊሽ 20 ዓመት ገደማ ሊኖር ይችላል። ሊራባ ሲል በሺዎች ሆኖ ይሰበሰባል። ከዚያ በተለይ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን፣ በሌሊት ከፍላቱ ርቆ ወደ ጥልቁ ባህር ይወርዳል። ያንን ጉዞ ዓመት በዓመት ሲመላለስበት የኖረ አሳ ለአንድ ፕሮፋይል ፎቶ ይሙት?

«አሳ ነው እኮ፣ ምን ያንጨረጭርሃል» የሚሉኝም አሉ። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ የሚያጠምደው ልጅ ይሸጠዋል፣ ይበላዋል። በእሱ ላይ አንድ ቃል የለኝም። ይሄኛውን ግን ማንም አልበላውም። ማንም አልጠገበበትም።

ጋይዶቹ፣ ማለትም በጀልባ ይዘውን የሚወጡት አስጎብኚዎች፣ አያውቁም እንዳትሉ። አንዱን ለብቻው አግኝቼ ለምን ዝም እንደሚል ጠየቅኩት። «ደንበኛ ከተቀየመ ጉርሻ የለም» አለኝ። አልፈርድበትም፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ዝም ያሰኘው የእኛ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ዝምታውን መስበር ያለብን እኛው ነን።

ከባድ ነገር አይደለም የምጠይቃችሁ። መንጠቆው ጫፍ ላይ ያለችውን ወደኋላ የዞረች እሾህ ከመወርወራችሁ በፊት በፒንሳ ጨፍልቋት። ያኔ አሳውን ሳትነኩት፣ ክሩን ተከትላችሁ መንጠቆውን በጣታችሁ ጠምዘዝ ስታደርጉት ይወጣል። መንካት ግድ ከሆነ እጃችሁን አርጥቡ። ፎቶ የግድ ካማራችሁ አሳው ውሃ ውስጥ እንዳለ አንሱት፣ እንዲያውም ያምራል፤ ጀርባው ላይ ያለው አረንጓዴ ጥላ የሚታየው ያኔ ነው። ማንሳት ካለባችሁም ካሜራው መጀመሪያ ይዘጋጅ፣ አሳው ከ10 ሰከንድ በታች ይመለስ። ሻርክ በአካባቢው ካያችሁ ቦታ ቀይሩ።

ጠዋት ጀልባው ላይ ስትወጡም ለጋይዱ ቀድማችሁ ንገሩት፦ «ዛሬ አሳ ከውሃ አይወጣም፣ ስንሳሳት ተቆጣን፣ ጉርሻህ እንደሆነ አይነካም» በሉት።