ይድረስ ለመኪና ማጠቢያው ጨርቅ፣ ካሉበት ባልዲ

ቀን፦ መኪና በታጠበ ማግስት
ጉዳዩ፦ ኮፈኔ ላይ የሠሩትን የሸረሪት ድር ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከኮፈኔ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

አንቱ የምልዎት በዕድሜዎ ምክንያት ነው። ሰፈራችን ጥግ ላይ መኪና የሚያጥበው ልጅ ሥራ ሲጀምር እርስዎ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባልዲው ሦስቴ ተቀይሯል። እርስዎ ግን አሁንም አሉ። ድሮ ማልያ እንደነበሩ ጀርባዎ ይመሰክራል። ከ10 ቁጥሩ ላይ አንዷ ተልጣ ዜሮዋ ብቻ ቀርታለች።

ሥራዎትን ያየሁት ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ነዳጅ ማደያ ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ፓውዛው ቀጥታ ኮፈኑ ላይ ይወርዳል። መኪናዬ ጥቁር ኮሮላ ናት። በመብራቱ ዙሪያ ክብ ክብ የሠሩ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ታዩኝ። ወርጄ ጎንበስ አልኩ። ራሴን ወደ ግራ ሳዘነብል ድሩም ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ስል ይከተለኛል። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ነካ አድርጎ «ወንድም፣ ከመኪናህ ጋር ስትጨርሱ ጠጋ በሉልን» አለኝ።

በኋላ ሳጣራ፣ ጭረቶቹ ክብ እንኳን አይደሉም። ወዲያና ወዲህ የተጋደሙ ናቸው። ከመሃላቸው ለመብራቱ አግድም የተኙት ብቻ ስለሚያበሩ መብራቱን የከበቡ ይመስላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር። የእርስዎ ድር ያሰረው የኮሮላዬን መሸጫ ዋጋ ነው።

በማግስቱ ልጁን ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቀለሙ ችግር ነው። የቶዮታ ጥቁር ለስላሳ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የመኪናዋ የፋብሪካ መለያ ሰሌዳ ላይ የቀለም ቁጥሯ 202 ይላል። ይህ ቁጥር በፖሊሽ ሠሪዎች ዘንድ በልስላሴው ስም ያወጣ ነው። የጀርመን መኪኖች ቀለም ብዙውን ጊዜ ጠንከር ይላል፤ መርሴዲስ እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ የላይኛው ሽፋን ውስጥ ጥቃቅን የሴራሚክ ቅንጣቶች ይጨምራል። የእኔዋ ግን ኮሮላ ናት። ለስላሳ ጉንጭ ያለውን ሕፃን ደግሞ ማንም በብርጭቆ ወረቀት አያብስም።

አዎ፣ ብርጭቆ ወረቀት ብዬዎታለሁ። አይቆጡ፣ የዕለት ውሎዎን ላስታውስዎት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚኒባስ ቸርኬ ይወለውላሉ። 3 ሰዓት ላይ የሲኖ ትራክ ፓራፋንጎ ሥር ገብተው ጭቃ ይፍቃሉ። ተመልሰው ባልዲ ውስጥ ይነከራሉ። ውሃው በዚያን ሰዓት የማኪያቶ መልክ ይዟል። 4 ሰዓት ላይ የእኔ ኮፈን ላይ ይወጣሉ። ባለፈው ደግሞ አስፋልት ላይ ወድቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ አነሳዎት፣ ሁለቴ አራገፈዎት፣ ቀጠለ።

ይዘውት የሚዞሩት አሸዋ ቀላል ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው፣ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። የመስኮት መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። መስታወት ያልቻለውን ቀለም ምን ብሎ ይችለዋል? የቀለም ጥንካሬ እኮ የሚለካው በእርሳስ ነው፣ እንደ ተማሪ፤ ከለስላሳው 6ቢ እስከ ጠንካራው 9ኤች። አንድ ሴራሚክ (የመኪና ቀለም መከላከያ ቅብ) ሻጭ «የእኛ 9 ነው፣ አልማዝ 10 ነው» ብሎ ሊያጠምደኝ ነበር። የሱ 9 የእርሳስ ነው፤ የአልማዙ 10 የሞህስ ነው። ሁለቱ በመንገድ ቢገናኙ አይተዋወቁም።

የሚያሳዝነው ደግሞ የሚጭሩት ነገር ስስነት ነው። ብዙ ዘመናዊ መኪና ላይ ያ መስታወት መሳይ የላይኛው ሽፋን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ይጠጋል። «ፖሊሽ ይደረግላ» ይሉኝ ይሆናል። ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላም፤ ዙሪያውን ልጭት አድርጎ ያስተካክላል እንጂ። ጢም አይደለም፣ መልሶ አይበቅልም። ሰምም ቀብቻለሁ። ጭረቱን ሁለት ሳምንት ሸፈነው፤ ከዚያ በዱቄት ሳሙና ታጥቦ ሄደ። ሰሙን አየሁት። ወርቁ የወጣው ከኪሴ ነው።

ለነገሩ እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ስንት ጊዜ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «እስቲ ጠበቅ አድርገህ እሸው» ብያለሁ! በደንብ ሲታሽ ያየሁ ቀን ጉርሻ ጨምሬያለሁ። መኪና እንደ ጠቆረ ድስት ካልታሸ የታጠበ አይመስለንም። ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ የሚጠርግልኝን የግቢያችንን ዘበኛም ስመርቀው ኖሬአለሁ። ያ ደረቅ ጨርቅ ዘመድዎ መሆን አለበት። ውሃ እንኳን ሳይነካው እርስዎ በሳምንት የሚሠሩትን በአንድ ጠዋት ይጨርሳል።

ባለፈው እሁድ ራሴ አጠብኳት። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጎማ ቱቦ የለም፤ በጆግ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳልነካ ከጣሪያው ጀምሬ ውሃ ብቻ አፈሰስኩ። አንዱ ባልዲ የሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። ረዥም ፀጉር ያለው የማይክሮፋይበር ጓንት አጠለቅኩ። ሳልጫን፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ከላይ ወደ ታች። አንድ ጎን በጨረስኩ ቁጥር ጓንቱን ንጹሑ ውሃ ውስጥ አራግፌ ወደ ሳሙናው እመለሳለሁ። ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ቡና ይዞ ሲያየኝ ቆየና «እያጠብካት ነው ወይስ እያጠመቅካት?» አለኝ።

መጨረሻ ላይ ውሃውን ስደፋ ባልዲው ሥር እንደ ቡና አተላ የተኛ ደለል አገኘሁ። በሁለት ጣቴ አሸሁት። ይፈጫል። ያ ሁሉ በእርስዎ ዘመን ኮፈኔ ላይ ሲንሸራሸር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ጡረታ እንዲወጡ አልጠይቅዎትም፤ ከቸርኬ በላይ እንዳይወጡ ብቻ ነው የምለምንዎት። ለልጁም አንድ አዲስ ጓንት ገዝቼ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ በጣም አመሰገነኝ። ትናንት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። በዚያ ሳልፍ ጓንቱን አጥልቆ ሻይ ይጠጣል። ባልዲው ጠርዝ ላይ ዜሮዎን ወደ ውጭ አድርገው ተሰጥተዋል።

ከሰላምታ ጋር
የጥቁሯ ኮሮላ ባለቤት

ግልባጭ፦ ለባልዲው