የበረኛው ሰባት ዓመት

የምኖረው ማንቸስተር ውስጥ ሞስ ሳይድ የሚባል ሰፈር ነው። ሐበሻውም ሶማሌውም ጃማይካዊውም ተደባልቆ የሚኖርበት ሰፈር። ከቤቴ ትንሽ ወጣ ሲሉ አዳዲስ የሸክላ ቤቶች ይታያሉ። ድሮ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ሜን ሮድ ስታዲየም ነው። ማንቸስተር ሲቲ 80 ዓመት ተጫውቶበት በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ለቀቀ፤ ሜዳውም ፈረሰ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ናቸው። ስለ ሲቲው አጥቂ ሃላንድ ሳወራላቸው ብዙም አይገረሙም። «አባቴ ስዊፍትን አይቷል» ይሉኛል። አነጋገራቸው እኛ አገር «አያቴ ዓድዋ ዘምተዋል» የሚል ሰው አነጋገር ነው።

ፍራንክ ስዊፍት የሲቲ በረኛ ነበር። እጁ ከመስፋቱ የተነሳ ኳሱን በአንድ እጁ ጨብጦ ያነሳዋል። በ1934 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ሲጫወት ገና 20 ዓመቱ ነው። ሜዳው ረጥቧል። ጓንት ልልበስ አልልበስ እያለ ሲያመነታ ሳይለብስ ቀረ፤ ፖርትስማውዝም አገባበት። በእረፍት ሰዓት ራሱን ሲወቅስ አጥቂው ፍሬድ ቲልሰን «አይዞህ፣ ሁለት አገባለሁ» አለው ይባላል። እውነትም ሁለት አገባ። ከጎሉ ጀርባ የተቀመጡት ፎቶ አንሺዎች የቀረችውን ደቂቃ ይቆጥሩለት ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ስዊፍት ራሱን ስቶ ወደቀ። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛም ስለ ጤንነቱ አስጠየቁ። የእኛ ልጅ ቢሆን ኖሮ «ዓይን ነው፣ ጠበል ውሰዱት» እንል ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የ1939 ውድድር ነሐሴ መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተጀምሮ ገና ሳምንት እንዳለፈው እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። ከሦስት ጨዋታ በላይ የተጫወተ ቡድን አልነበረም። ሦስቱንም አሸንፎ አንደኛ የነበረው የስዊፍት የትውልድ ከተማ ቡድን ብላክፑል ነው። ምን ያደርጋል፣ የሦስቱም ጨዋታዎች ውጤት ከመዝገብ ተሰረዘ። የተጫዋቾች ውል ቀረ። በሳምንት እስከ ስምንት ፓውንድ ያገኝ የነበረ ሰው በጦርነቱ ጊዜ ውድድሮች ለአንድ ጨዋታ 30 ሽልንግ፣ ማለት አንድ ፓውንድ ተኩል፣ ይከፈለው ጀመር። ስዊፍት ትራፊክ ፖሊስ ሆነ። በመጀመሪያ ቀኑ መንገዱን ከማዘበራረቁ የተነሳ ሁሉንም ትቶ ሄደ ይባላል። (አዲስ አበባ ቢሆን መሄዱንም ያወቀበት አልነበረም።)

ሊጉ ሲቆም 25 ዓመቱ ነበር። በነሐሴ 1946 ሲመለስ 32 ሞላው። በጦርነቱ ዘመን ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 14 ጊዜ ተሰልፏል፤ አንዱም በይፋ አይቆጠርለትም። የሚቆጠሩለት ከ1946 እስከ 1949 የተጫወታቸው 19 ብቻ ናቸው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አምበልም ሆነ፤ በ1948 ቱሪን ላይ ጣሊያንን 4 ለ 0 ሲያሸንፉ የመራው እሱ ነው። ከዚያ ጓንቱን ሰቀለ። በየካቲት 1958 የማንቸስተር ዩናይትድን ጉዞ በጋዜጠኝነት ተከትሎ ሄዶ ሙኒክ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ጎረቤቴ አንድ ቀን የአባታቸውን ሳጥን ከፈቱልኝ። በጦርነቱ ጊዜ የታተሙ የጨዋታ ፕሮግራሞች አሉበት። ወረቀት ስለጠፋ አንዲት ቅጠል ናቸው። በአንዷ ላይ የታተመው የበረኛ ስም በእርሳስ ተሰርዟል። አጠገቡ ሌላ ስም ተጽፏል። የመጀመሪያው ከጦር ሰፈሩ ፈቃድ ሳያገኝ ቀርቶ ይሆናል። የተተካው ሰው ምናልባት ያችን አንዲት ቀን ነው የተጫወተው። ግን ስሙ አለ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ሊጉ የሰረዘውን አንድ ተመልካች በእርሳስ ይዞታል።

ይህን ለአንድ ወዳጄ አወራሁት። መቀለ ያደገ ልጅ ነው፣ እዚህ ታክሲ ይነዳል። ዝም ብሎ ሰማኝና «የእኛንስ ማን ጻፈው?» አለኝ።

መቀለ 70 እንደርታ በ2019 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ነበር። ቀጣዩ ዓመት በኮሮና ተሰረዘ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መቀለ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ አራት የውድድር ዓመት ከሊጉ ጠፉ። የተመለሱት በ2024 ነው። አራት ዓመት ለኳስ ተጫዋች ስንት እንደሆነ ስዊፍትን መጠየቅ ነው። እኛ ስለ ኳስ ማውራት እንችልበታለን። ካፌ ተቀምጠን የ1962ን የአፍሪካ ዋንጫ ድል ትናንት እንደሆነ አድርገን እንተርካለን። መጻፉ ላይ ነው የምንሰንፈው፤ እኔም ጭምር።

«እስቲ አሁን እንጻፋቸው» አልኩት። የነዳጅ ደረሰኝ አውጥቶ ጀርባው ላይ የሻምፒዮኑን ቡድን ስም ይደረድር ገባ። አስር፣ አስራ አንድ፣ ተጠባባቂዎቹም ተከተሉ። ሁለተኛው በረኛ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ግንባሩን ሲያሽ ቆየና ስልኩን አነሳ። መቀለ እኩለ ሌሊት አልፏል።

«ወንድሜ፣ ተኝተሃል እንዴ? ያ ተጠባባቂው በረኛ ማን ነበር ስሙ?»