ፕሬዚዳንቱ በፊርማው የሚወስነውን አስቀድሜ እጠይቃለሁ

የአሜሪካ ፓርቲዎች የፕሬዚዳንት ዕጩአቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ተወዳዳሪዎች ሲቀርቡ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ቃል ከገቡልን መካከል ያለ ኮንግረስ ድምፅ ሊፈጽሙት የሚችሉት የትኛውን እንደሆነ ነው። የአንድ ፓርቲ ተፎካካሪዎች ስለ ጤና መድንና ስለ ግብር የሚያቀርቧቸው ዕቅዶች በክርክር መድረክ ላይ እጅግ የተራራቁ ይመስላሉ፤ ሆኖም አብዛኛውን ረቂቅ በሴኔት ለውሳኔ ለማብቃት 60 ድምፅ ስለሚያስፈልግ፣ ብዙዎቹ እንደተነገሩት ሆነው ሕግ አይሆኑም።

ፕሬዚዳንቱ በፊርማው የሚወስናቸው ጉዳዮች ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሰው ቤት ይደርሳሉ። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መራጮች የቅርቡ ምሳሌ የስደተኞች ቅበላ ነው። በ1980 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የስደተኞች ሕግ፣ ከኮንግረስ ጋር ተመካክሮ ዓመታዊውን የቅበላ ጣሪያ የመወሰን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣል። ባራክ ኦባማ ለ2017 የበጀት ዓመት የወሰኑት ጣሪያ 110 ሺህ ነበር፤ ዶናልድ ትራምፕ ለ2020 ወደ 18 ሺህ ሲያወርዱት ሕጉን መለወጥ አላስፈለጋቸውም። በመጠለያ ጣቢያ ወረፋ የሚጠብቅ ወንድም ወይም እህት ያለው መራጭ፣ ዕጩው ይህን ቁጥር ስንት ሊያደርገው እንዳሰበ ሳያጣራ ድምፁን መስጠት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ቀጥሎ የምመለከተው ያለፈ ሥራቸውን ነው። ጥቅምት 2002 ኮንግረስ በኢራቅ ላይ ጦር ለማዝመት ፈቃድ ሲሰጥ ጆ ባይደን ደግፈው፣ በርኒ ሳንደርስ ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ባይደን ውሳኔያቸው ስህተት እንደነበር በኋላ አምነዋል፤ ይህን ማመናቸውን ከቁም ነገር እቆጥረዋለሁ፤ ሆኖም ስለ ጦርነት ሲሆን አስቀድሞ ማየት የቻለ ሰው በእኔ ሚዛን ይበልጣል።

«ማን ያሸንፋል?» በሚለው ስሌት ግን አልመርጥም። በ2020 የዴሞክራቶች ዕጩ ለመሆን በተደረገው ፉክክር ባይደን በአይዋ ግዛት አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ ሲወጡ አበቃላቸው የተባለው በብዙ አዋቂዎች ነበር፤ የካቲት 29 ቀን ሳውዝ ካሮላይናን አሸንፈው ሁኔታው በቀናት ውስጥ ተገለበጠ። አዋቂው ያልቻለውን ትንበያ መራጩ ለምን ይሸከማል? በኅዳር ምርጫው ሁለት ስም ብቻ ይቀርብልናል ማለት ይቻላል፤ የምንፈልገውን በግልጽ መናገር የምንችለው በቅድመ ምርጫ ነው።

ድምፄን ከምርጫው ዕለት ቀድሜ የማልሰጠውም በዚያው ዓመት ባየሁት ምክንያት ነው። እኔ የምኖርባት ቨርጂኒያ መጋቢት 3 ቀን ስትመርጥ ፒት ቡቲጀጅ ከሁለት ቀን በፊት፣ ኤሚ ክሎቡቻር ደግሞ በዋዜማው ከውድድሩ ወጥተው ነበር፤ ስማቸው ግን ከወረቀቱ ላይ አልተነሣም፤ ቀድመው የመረጧቸው ሰዎች ሐሳባቸውን መለወጥ አልቻሉም። የምርጫ ጣቢያዎቻችን ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ስለሆኑ፣ በፈረቃ የሚሠሩ ወገኖቼም ከቻሉ ድምፃቸውን እስከ ዕለቱ ቢያቆዩት እመክራለሁ።